የነካ ራሱ ይናገራል

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት ላይ ባለችው ፑል ቤት የቆየ ደንብ አለ። ሳያስበው እጅጌው ኳስ የነካበት ተጫዋች፣ ማንም ባያየው እንኳ፣ «ነካሁ» ብሎ ተራውን ይለቃል። የሌላውን ሰው ንክኪ መጠቆም ነውር ነው። ከተጠየቁ ግን እውነቱን መናገር ግድ ነው።

ካሊድና ጌቱ በዚህ ደንብ ሃያ ዓመት ተጫውተዋል። ሁለቱም ከፑል በቀር ሌላ እንጀራ አያውቁም፤ ለተለያየ ክለብ እየተጫወቱ፣ ጀማሪ እያሠለጠኑ ነው የኖሩት። ጌቱ የከተማውን ዋንጫ አራት ጊዜ በልቷል። አራቱንም ጊዜ ፍጻሜ ላይ የተሸነፈው ካሊድ ነው።

ዘንድሮም ሁለቱ ለፍጻሜ ደረሱ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ካሊድ ጌቱን ወደ ደጅ ጠራው።

«ዓይኔ እየሄደ ነው» አለው። «ስኳሩ ነው። ሐኪሙ እስከ መስከረም ካየህ ጥሩ ነው ብሎኛል። ለልጄ ለተስኒም እንኳ ገና አልነገርኳትም።»

ጌቱ ክንዱን ያዘው።

«እንዳታዝንልኝ! አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላሸንፍህ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ይሂድ።»

ፍጻሜው በነሐሴ አንድ እሑድ ከሰዓት ላይ ዋለ። ሰፈራቸው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ በከተማው ዳር ዳር የተበተኑት የድሮ ጎረቤቶች ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ መጥተው ቤቱን ሞሉት። ጃኬቱ ሁሉ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ካሊድ ነጯ ኳስ ላይ አጎንብሶ፣ አፍንጫው ጨርቁን ሊነካ እስኪደርስ ያነጣጥራል።

«አንተ ወሎዬ፣ ልትመታት ነው ወይስ ሽማግሌ ልትልክባት?» አለ ጌቱ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ጸሎትህን ያዝ አንተ ጴንጤ! አሁን ታስፈልግሃለች» አለ ካሊድ ቀና ሳይል።

ጌቱ የሚቀልደው ሰዉ ሁሉ እሱን እንዲያይ፣ የካሊድን ዓይን ማንም ልብ እንዳይል ነበር።

ዙሩ ስድስት ለስድስት ሆነ። በመጨረሻው ዙር ካሊድ ጥቁሯ ብቻ ቀረችው፤ እሷን ካስገባ ዋንጫው የእሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ በቁመቱ ተዘረጋ። የሹራቡ እጅጌ ከጌቱ ኳሶች አንዷን ጣት ያህል ገፋት። ዳኛው በወዲያኛው በኩል ስለነበር አላየም። ከኋላ አንድ ሰው «እእ!» አለ።

ካሊድ ሳይመታ ቀና አለ። ጠረጴዛውን በዓይኑ ፈተሸው፤ የተገፋች ኳስ ግን አልለየም።

«ጌቱ፣ ነካሁ እንዴ?»

ጌቱ የዓይኖቹን መንከራተት አየ።

«አልነካህም። ምታ።»

መታ። ጥቁሯ ገባች። ካሊድ ዋንጫውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ የጌቱን አንገት አቅፎ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከወር በኋላ አንዱ በስልኩ የቀረጸው ቪዲዮ በየሰዉ እጅ ዞረ። ካሊድ ያን ጊዜ ጥላ ብቻ ነበር የሚታየው። ተስኒምን «ያቺን የመጨረሻዋን ንገሪኝ እስቲ፤ እንዴት ነበርኩ?» አላት። ቪዲዮውን እያየች፣ እየሳቀች ትነግረው ጀመር። «ይኸው ተዘረጋህ አባቢ፣ እጅህ እዚህ ጋ… ኳሷ…» ካለች በኋላ ዝም አለች። ዝምታዋ ነገረው።

በማግስቱ በልጁ ክንድ ተደግፎ ወደ ፑል ቤቱ ዳገቱን ወጣ። ጌቱ ብቻውን ኳስ ይደረድር ነበር። ካሊድ ዋንጫውን በዳሰሳ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረው።

«ነክቼ ነበር።»

«አዎ» አለ ጌቱ።

«ጠየቅሁህ እኮ።»

«ዓይንህን ሳየው ጊዜ አልቻልኩም፣ ካሊዶ።»

«ብትነግረኝ ኖሮ ተራዬ ነበር የሚያልፈው እንጂ ጨዋታው አያልቅም ነበር። ያን ቀን ጥቁሯ ትታየኝ ነበር። ተራው ተመልሶ ይደርሰኝ ነበር። ላሸንፍህ እችል ነበር፣ ጌቱ!»

«እንድገመው በቃ። አሁን። ማንም ሳይኖር፣ አንተና እኔ ብቻ።»

ካሊድ መዳፉን ጨርቁ ላይ ዘረጋ።

«ነጯ የት ጋ ናት?» አለ።

ከጣቱ አንድ ስንዝር አትርቅም ነበር። የመለሰለት ጌቱ አይደለም፤ ተስኒም ናት።