እንደራሴው ይዘምሩ

ትርንጎ የራሷን መቀነት ፈትታ በአልማዝ ወገብ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠመችው። አጥብቃ ሳበችና ልጅቷ ስትንገዳገድባት ደንግጣ መልሳ አላላችው።

“አመመሽ እንዴ?”

“አላመመኝም፣ እማማ።”

“ሆድሽን ደገፍ እንዲያደርግልሽ ብዬ ነው። ዓይንሽ ከጨለመብሽ የጎንሽን ልጅ ያዢ። መውደቅ የለም።”

“ስንዘምር እጃችንን ወደ ታች ነው የምናደርገው። ሰው መያዝ አይፈቀድም።”

“ማን ነው የማይፈቅደው?”

አልማዝ በአገጯ ወደ ባንዲራው እንጨት አመለከተች።

ከዞብል ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ የትምህርት ቤቱን ሜዳ አፈር እያነሣ በልጆቹ ላይ ይበትነዋል። ሰኔ ገብቷል፤ ሰማዩ ግን እንደ ጥር ባዶ ነው። ከሜዳው ማዶ፣ በቆቦ አውራ ጎዳና ዳርና ዳር፣ ከየቀበሌው የወረደው ሰው ተኝቷል። አንዳንዱ መኪና ሲያልፍ ቀና ይላል፤ አንዳንዱ አይልም።

ትርንጎና የልጅ ልጇ፣ ከልጅቷ እናት ጋር፣ ከዞብል ሥር ካለው መንደራቸው የመጡት በሚያዝያ ነበር። ማሽላው ሁለት ዓመት ተከታትሎ ደረቀ፤ በሬዎቹም ተከታትለው ሞቱ። የአልማዝ አባት የጥጥ ለቀማ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ወደ አዋሽ ከወረደ ወዲህ አንድም የደረሰ ቃል የለም። እናቷን በግንቦት እዚሁ ቀበሩ። ለትርንጎ የቀረቻት ይቺ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ብቻ ናት። ልጅቷ ስትተኛ ትርንጎ እጇን ደረቷ ላይ ጭና ትንፋሿን ታዳምጣለች፤ ስትነሣ ጉልበቷን ታያለች። ጉልበቷ ሰሞኑን ከጭኗ ወፍሮ መታየቱ እንቅልፍ ነስቷታል።

እንደራሴው ዛሬ ይመጣሉ ተብሏል። ምርጫ ደርሷል። አቶ ሙሉጌታ ይህን አገር ወክለው አራት ዓመት ምክር ቤት ተቀምጠዋል፤ አሁንም ሊመረጡ ይፈልጋሉ። ባርኔጣ የማይለየው አንድ የእሳቸው ሰው ከሁለት ቀን በፊት መጥቶ፣ ልጆቹ እንግዳውን በባንዲራ መዝሙር እንዲቀበሉ፣ ከመዝሙሩ በኋላ ስንዴ እንደሚታደል፣ የዘመሩት ልጆች ቤተሰብም ከሁሉ በፊት እንደሚወስድ ተናግሮ ነበር። ትርንጎ አልማዝን ለመዝሙር የሰጠችው ለዚህ ነው። የልጅቷ ድምፅ ጥሩ ስለሆነ መምህሩ አውጪ አደረጋት፤ እሷ ትጀምራለች፣ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ይመጣሉ የተባለው በሦስት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን ልጆቹ አሁንም ቆመዋል።

ትርንጎ ወደ መምህር ጌታሁን ሄደች። ወጣት ነው፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል።

“መምህር፣ ይቺ ልጅ እኮ ትናንትም የበላችው ቅቅል ቅጠል ነው። ቁጭ ብላ ብትዘምርስ?”

“እማማ ትርንጎ፣ የባንዲራ መዝሙር ተቀምጦ ይዘመራል?”

“አይዘመርም።”

“እንግዲህ እርስዎም ያውቁታል። መኪናው እስኪታይ ጥላው ሥር ላስቀምጣቸው ብል ባለባርኔጣው እምቢ አለኝ። ሰልፉ ይበላሻል አለ።”

ማወቁንስ ታውቃለች። ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ ባለጋሪው ጋሪውን ያቆማል፣ ውኃ የተሸከመች ሴት እንስራዋን እንደተሸከመች ትገተራለች። ትርንጎ በማታ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ሴት ናት፤ መዝሙሩንም ያኔ በጽሑፍ አንብባ በቃሏ ይዛዋለች። በዚህም ስትኮራ ኖራለች። ዛሬ ግን ርዝመቱ ብቻ ነው የታሰባት። ስንት ጊዜ ትንፋሽ ያስወስዳል? ልጅቷ ስንት ትንፋሽ አላት?

ተመልሳ ጎረቤቷ ኡሙሰልማ አጠገብ ተቀመጠች። ኡሙሰልማ ከመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ቤቷን ከእነሱ ጋር ተጋርታለች።

“አብሽሪ፣ ትርንጎ። ሰውየው ብዙ አይቆይም። ያለፈው ምርጫ ጊዜ የመኪናውን ሞተር እንኳ ሳያስጠፋ ነው ተናግሮ የሄደው።”

“ዛሬ ስንዴ ይዞ ነው የሚመጣው።”

“ኢንሻ አላህ ስንዴ ይሁን። ወሬም በጆንያ ይጫን እንደሆነ እናያለን።”

“አትቀልጂ።”

“ካልቀለድኩ ምን ልሥራ? የሚፈጨው አለቀ።”

ትርንጎ አልሳቀችም። እንደራሴው ቀርበው ቢያናግሯት የምትለውን በልቧ እያሰናዳች ነበር። ጌታዬ፣ ስንዴው ከዛሬ አይዘል። ጌታዬ፣ ለልጆቹ በየቀኑ አንድ ጭብጥ ዱቄት በትምህርት ቤቱ በኩል ይታዘዝ። ደጋግማ አለችው፤ እንዳይጠፋባት እንደገና አለችው።

እንደራሴው የመጡት በስድስት ሰዓት ነው። ላንድሮቨሩ ከፊት፣ ጆንያ የጫነው የጭነት መኪና ከኋላ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ፊታቸው ሙሉና ደግ ይመስላል። መነሣት የቻለው ሰው ሁሉ ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ ሜዳው ቀረበ። ባለባርኔጣው እጁን ዘርግቶ ሕዝቡን ወደ ኋላ መለሰ።

አልማዝ ጀመረች። የመጀመሪያው ስንኝ ጥርት ብሎ ወጣ። ሌሎቹ ተከተሉ፤ ግን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ መሳሳት ጀመረ፤ አንዱ ልጅ ያቋርጣል፣ ሌላው ቃሉን ዘሎ ይደርሳል። እንደራሴው፣ ባለባርኔጣውና አጃቢዎቻቸው አፋቸውን ገጥመው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከኋላው ረድፍ አንዲት ትንሽ ልጅ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት ሁለቱ ልጆች አዩዋት፣ አልነኳትም።

“ቆይ፣ ቆይ፣” አለ ባለባርኔጣው። “ይህ የባንዲራ መዝሙር ነው ወይስ ለቅሶ? ከመጀመሪያው!”

አልማዝ ከመጀመሪያው ጀመረች። የቀኝ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ትርንጎ ከሩቅ አየችው። መዝሙሩ እንደገና መሐል ላይ ተበጠሰ። ባለባርኔጣው እንደገና እጁን አነሣ።

“ከመጀመሪያው።”

“እሳቸውስ አይዘምሩም?”

ትርንጎ ራሷ መናገሯን ያወቀችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው። ኡሙሰልማ ቀሚሷን ይዛ ወደ ታች ጎተተቻት።

“ማን ነው የተናገረው?” አለ ባለባርኔጣው።

“እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ልጆቹ ጉልበት የላቸውም። የበላ ሰው ቢያግዛቸው ብዬ ነው።”

“ለእንደራሴ ይዘመርላቸዋል እንጂ እሳቸው አይዘምሩም። ቁጭ በይ።”

“መዝሙሩ የባንዲራው ነው፣” አለ መምህር ጌታሁን፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። “የእንግዳ አይደለም። ማንም ቢዘምረው ክልክል የለበትም።”

ከሰው መሐል አንድ ሽማግሌ ገበሬ በዱላው ተደግፎ፣ “በእኛ ስም አይደል አዲስ አበባ የሚቀመጡት? በእኛ ስም ይዘምሩዋ፣” አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

“ተው፣ ሰውየው ይቆጣና መኪናውን ይዞት ይመለሳል፣” አለው ከጎኑ የቆመው።

“ቢዘምርስ ምን ይጨምርልናል?” አለች ኡሙሰልማ፣ ለትርንጎ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። “ዝም በይ በአላህ።”

እንደራሴው ግን አልተቆጡም። ፈገግ ብለው በልጆቹ ረድፍ መሐል አልፈው እስከ ትርንጎ ድረስ መጡ። የሳሙና ሽታቸው ቀድሟቸው ደረሰ። አጎንብሰው በሁለት እጃቸው እጇን ያዙ።

“እናቴ፣ እውነትዎን ነው። እኔም በልጅነቴ ዘምሬዋለሁ። ከእኔ የሚፈልጉት ይህንን ነው?”

ትርንጎ አፏን ከፈተች። ስታሰናዳው የዋለችው ነገር ነበር፤ የት ገባ? እጃቸው ለስላሳ ነው። ባለባርኔጣው ከኋላቸው ያያታል። የሜዳው ሰው ሁሉ ያያታል። አልማዝ ሳትቀመጥ እየተወዛወዘች ነው።

“አዎ፣ ጌታዬ፣” አለች። “ይህንኑ ነው።”

አልማዝ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች፤ እንደራሴው ከባንዲራው ፊት ቆመው አብረዋት ዘመሩ። ድምፃቸው ወፍራምና የተገራ ነው፤ አንድም ቃል አልሳቱም፣ አንድም ቦታ አልተጣደፉም። ልጆቹ አንድ በአንድ መዝሙራቸውን ትተው ያዳምጧቸው ጀመር። መጨረሻው ሲቃረብ የእንደራሴው ዓይን እንባ አቀረረ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ የተኙት እንኳ በክርናቸው ቀና አሉ። ኡሙሰልማም በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

“ይህ ሰው ድምፁስ… ማሻ አላህ።”

ትርንጎ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲሞቃት ተሰማት። እሷ ናት ያዘመረቻቸው። አልማዝ ትንፋሿን ሰብስባለች፤ አልወደቀችም።

“ዘመራችሁልኝ፣ ዘመርኩላችሁ፣” አሉ እንደራሴው ፊታቸውን እየጠረጉ። “ወገኖቼ፣ ችግራችሁ ችግሬ ነው። በምርጫው ቀን አትርሱኝ።” ጭብጨባው ሳያልቅ ላንድሮቨሩ ውስጥ ገቡ። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቃቸውም። ሁሉም እያጨበጨበ ነበር።

ከጭነት መኪናው ጆንያ መውረድ ጀመረ። ትርንጎ አልማዝን በእጇ ይዛ ወደ ፊት ገፋች።

“የመዝሙር ልጅ ናት፣” አለችው ባለባርኔጣውን። “የመዝሙር ልጆች ይቀድማሉ ተብሏል።”

ሰውየው ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አያት።

“የትኛው መዝሙር? ሦስት ጊዜ ተጀምሮ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። የዘመሩት እንደራሴው ናቸው፤ አንቺው ራስሽ ነሽ ዘምሩ ያልሻቸው። ቅደም ተከተል የለም፤ እንደ ሰው ተሰለፉ።”

“ጌታዬ፣ እኔ እኮ ልጆቹን ያግዙ ብዬ…”

“ተሰለፊ።”

ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ክንድ ያለው ገፋ፤ ክንድ የሌለው ተገፋ። መምህር ጌታሁን መሐል ገብቶ ሊያስተካክል ሞከረና ሸሚዙ ተቀዶ ወጣ። ትርንጎ ለራሷ ሳይሆን ልጅቷ እንዳትረገጥ ፈርታ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቀና ስትል የመኪናው ኋላ ተዘግቷል። ከግማሽ በላዩ ጆንያ አሁንም እዚያው ነው።

“የቀረው የሮቢትና የጎብዬ ሕዝብ ነው፣” አለ ባለባርኔጣው። “ለእነሱም ይድረስ እንጂ።”

ኡሙሰልማ ከግፊያው ስትመለስ በሻሿ ጫፍ ከመሬት የለቀመችውን ስንዴ ቋጥራለች፤ አንድ እፍኝ አይሞላም። ግማሹን በትርንጎ መዳፍ ላይ አፈሰሰችላት፤ አፈርም ነበረበት።

“ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አንቺን መርጦ ጠየቀሽ፣” አለች፣ ሳትቆጣ። “ስንዴ ብትይው ምን ነበረበት?”

“ጠፋብኝ።”

“እንዴት ይጠፋል?”

“እኔ ምኑን አውቄ፣ ኡሙሰልማ። የልጅቷን ጉልበት እያየሁ ነበር።”

ትርንጎ ስንዴውን እየነፋች ከአፈሩ ለየችና ጥሬውን ለአልማዝ ሰጠቻት። ልጅቷ አንድ በአንድ አኘከችው። ሳታስቀር ጨረሰችው።

ባለባርኔጣው ከመምህር ጌታሁን ጋር ሲነጋገር ቆይቶ ወደ እነሱ መጣ።

“ይቺ ልጅ ድምፅ አላት። ሮቢትና ጎብዬም መዝሙር አለ። ስድስት ልጅ በጭነት መኪናው እንወስዳለን፤ መምህራቸውም አብሮ ይሄዳል። ጎብዬ ላይ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ዳቦ ይሰጣቸዋል። ሳይመሽ ይመለሳሉ።”

“እንደራሴው እዚያም ይዘምራሉ?” አለች ኡሙሰልማ።

“እሳቸው ደክሟቸዋል።”

ትርንጎ መምህሩን አየችው። መምህሩ የተቀደደ ሸሚዙን በእጁ ገጥሞ ይዟል።

“ዳቦውን አይቼዋለሁ፣ እማማ ትርንጎ። ላንድሮቨሩ ውስጥ አለ። መዝሙሩ ግን ሁለት ቦታ ነው፤ መንገዱም ፀሐይ ነው። ይላኳት አልልዎትም፣ አይላኳትም አልልዎትም።”

ብትሄድ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፣ ትዘምራለች፣ አያቷ በሌለችበት ትወድቃለች። ብትቀር የዛሬ ራቷ ያለቀው ስንዴ ነው። ትርንጎ መቀነቱን ፈታችና እንደገና አሰረችው፤ በዚህኛው ጊዜ አላላላችውም። ልጅቷን አቅፋ ወደ መኪናው ስታነሣት የክብደቷ ማነስ አስደነገጣት። መምህሩ ከላይ ተቀበላት።

ሞተሩ ተነሣ። ትርንጎ የመኪናውን ጠርዝ ይዛ ባለባርኔጣው እንዳይሰማት ወደ ልጅቷ ጆሮ ተንጠራራች።

“ስሚኝ። እዚያ ስትደርሱ ድምፅ እንዳታወጪ። ሌሎቹ ይዘምሩ። አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ።”

“እኔ እኮ ነኝ አውጪዋ፣ እማማ። እኔ ካልጀመርኩ…”

“መጀመሪያውን ጀምሪላቸው። ከዚያ በኋላ ተያቸው።”

“ቢያውቁብኝስ?”

“አያውቁብሽም። እንዲህ አድርጊ።”

መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። ትርንጎ ጥቂት እርምጃ አብራው እየሄደች፣ ፊቷን ወደ ልጅቷ ቀና አድርጋ፣ የመዝሙሩን ቃላት ያለ ድምፅ በከንፈሯ ብቻ እየከፈተች እየዘጋች አሳየቻት። አልማዝ ከጆንያዎቹ ላይ ሆና ከንፈሯን አተኩራ እያየች፣ ቃል በቃል ተከተለቻት።