የሚነዝረው በር

«ደጅሽን ሰው አይርገጠው!»

ፀጋ ይህን ቃል የተናገረችው ለገዛ ታናሽ እህቷ ነው። ጥሩነሽ ከጅዳ ባመጣችው ገንዘብ፣ ደብረ ታቦር ያለውን የአባታቸውን አሮጌ ቤት አፍርሳ የሱቅ ሕንፃ ስታስጀምር ነው ነገሩ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ጥሩነሽን አዝላ ያሳደገቻት ፀጋ ናት። ያሳዳጊ እርግማን ደግሞ እንደ ዋዛ አይታለፍም። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው ቀሩ።

ሕንፃው አለቀ፣ ክረምትም ገባ። እናላችሁ በሩ ሰው አላስደርስ አለ! ዝናብ ባባራ ቁጥር የብረቱን በር የነካ ሁሉ እጁን ይዞ ይጮሃል። ከእብናት ሱቅ ሊከራይ የመጣ እህል ነጋዴ እጀታውን ቢይዝ ጭቃው ላይ ዘጭ አለ፤ ተነስቶም «ይሄ ቤት በጤናው አይደለም» ብሎ እብስ። ጥሩነሽ ኮረንቲ ይሆን ብላ ብትጠይቅ፣ መብራቱን የዘረጋው የግንበኛው ወንድም «በበሩ በኩል ሽቦ የሚባል አላለፈም» ብሎ ምሎ ተገዘተ። ታዲያ ምን ቀረ? አገሩ ሁሉ «መተት ነው» አለ።

ጥሩነሽን ያንገበገባት የኪራዩ መቅረት ብቻ አልነበረም። «እውነት ፀጋዬ አስደረገችብኝ? ያዘለችኝ?» እያለች ታለቅሳለች። በመጨረሻ ሽማግሌ ፊት አቁሜ አስምላታለሁ ብላ ቆረጠች። እህትን እንዲህ ካዋረዱ በኋላ መመለሻ እንደሌለው ታውቃለች። አስቀድሞ ግን ቤቱ ጠበል ይረጭ ብላ የነፍስ አባቷን አባ ቀለመወርቅን ጠራች።

አባ ጠበላቸውን ይዘው መጡ። በስመ አብ ብለው በሩን ገፋ ቢያደርጉት «እግዚኦ!» ብለው እጃቸውን አራገፉ። ጥቂት አሰቡ።

«ልጄ፣ መብራት ሲጠፋም እንዲህ ያደርጋል?»

«ኧረ አባ፣ ያኔስ ምንም አይል።»

«እንግዲህ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚተኛ ሰይጣን አላውቅም። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ባለሙያ ጥሪ» አሏት፤ ጠበሉን ከድነው ሄዱ።

የግንበኛውን ወንድም ያስቀጠረው ርካሽነቱና ዝምድናው ነበር። አሁን ጥሩነሽ ነቅታለች። ዙለይካ የምትባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ስትመጣ «የማን ልጅ ነሽ?» አላለቻትም፤ «የብቃት ማረጋገጫሽን አሳዪኝ» አለቻት። ዙለይካም ሳትቀየም አሳየቻት። መብራቱን ከዋናው አጥፍታ፣ በበሩ ጥግ ያለውን ልስን ፈለፈለች።

«ይኸው እትዬ! በሩን ሲገጥሙ ብሎኑ ሽቦውን ልጦታል። ግድግዳው ሲርስ ኮረንቲው በብረቱ ይመጣል። ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ደግሞ ከነጭራሹ የለም።»

«መተት አይደለም በይኛ!»

«መተት ቢሆን እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» ብላ ሳቀች። ጠበል ሊረጭበት እንደነበር ስትሰማ ግን ሳቋ ጠፋ። «ውሃ? ወላሂ፣ አላህ ነው ያተረፋቸው!»

ጥሩነሽ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሽቦሽ ተልጧል ተብላ እንዲህ ደስ የሚላት ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እፎይ! ፀጋ አላስደረገችም። ያ ክፉ ቃልም ሽማግሌ ፊት ሳይወጣ ቀረ።

ዙለይካ የሕንፃውን መስመር በሙሉ ፈትሻና አድሳ ስትጨርስ፣ ጥሩነሽ በጋፋት መንገድ ወደ እህቷ ቤት ገሰገሰች። ፀጋ ገና ስታያት እንባዋ ቀደማት።

«ማሪኝ እህቴ! ለእርቅ መጥቼ ነበር እኮ። በርሽን ብነካው ጣለኝ። እርግማኔ ቤትሽን ያዘብሽ፣ እኔንም አልምር አለኝ ብዬ፣ በምን ዓይኔ ልይሽ? ደጀ ሰላም ስሰግድ ነው የከረምኩት።»

ጥሩነሽ እየሳቀችም እያለቀሰችም የሽቦውን ነገር ነገረቻት፤ እጇንም ይዛ አመጣቻት። በሩ ፊት ሲደርሱ ፀጋ ወደ ኋላ ሸሸች። ጥሩነሽ መጀመሪያ የራሷን መዳፍ ብረቱ ላይ አደረገች፤ ቀጥላ የእህቷን እጅ ሳብ አድርጋ አጠገቡ አሳረፈችው። ብረቱ በዝናብ ርሷል፣ ይቀዘቅዛል፤ ሌላ ምንም የለውም።

ፀጋ በረጅሙ ተነፈሰች። እጇንም ከበሩ ሳታነሳ፣

«ደጅሽን ሰው ያጣበው!» አለች።