የማ ጁይኮም ሳህን

ፔላጂ ዋና ከተማው ያውንዴ ገብታ ፎረንሲክ ኬሚስትሪ፣ ማለት መርዝና የወንጀል ማስረጃ የሚመረመርበትን ትምህርት፣ መማር ከጀመረች ወዲህ፣ አገሯ ስትገባ እንደ ሰው ሰላም የሚላት ጠፍቷል። አንዱ የሞተች ዶሮውን በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል፤ ሌላው ጎረቤቱ የላከለትን የዘንባባ ወይን ጠርሙስ ያቅፋል። ባለፈው እረፍት አንዲት ሴትዮ የባሏን ሸሚዝ አምጥታ፣ «እስቲ በዚያ ትምህርትሽ እዪልኝ፣ የማናባቷ ሽቶ ነው?» ብላታለች። ያኔ በሳቅ ሞታ ነበር። ዘንድሮ ግን የመሳቅ አቅሙም የላትም።

ደክሟታል። ትምህርቱ ብቻውን በበቃት ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሙከራው ከሀ ይጀመራል፤ የኬሚካሉ ሽታ ታጥባውም ከፀጉሯ አይለቅም፤ ምሳ ስትበላ እንኳ ሐሳቧ የሰው ጨጓራ ላይ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ከቤት አንድ ብልቃጥ ተላከላት።

ብልቃጡ የመጣው የታ ፎትሶ ልጅ ታላ ስለሞተ ነው። ታላ ማታ አክስቱ ማ ጁይኮም ቤት ኮኪ በልቶ ገባ፤ ሳይነጋ አረፈ። ታ ፎትሶ የቤተሰቡ አለቃ ናቸው፤ በአገሩ አጠራር «ታ» አባት፣ «ማ» እናት ማለት ነው። ማ ጁይኮም ታናሽ እህታቸው ስትሆን፣ ባሏ ሲሞት ወደ አባቷ ግቢ ተመልሳ፣ የተፈጨ ባቄላ በቀይ ዘይት አሽታ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ እየቀቀለች፣ ኮኪ ገበያ ትሸጣለች። እናቷ የሞተችባትን ፔላጂንም በዚያው ኮኪ ያሳደገቻት እሷ ናት። ከታላ ቀብር በኋላ ግን የሚገዛት ጠፋ። የግቢው ሕፃናት እንኳ ከእጇ ምንም እንዳይቀበሉ ተመከሩ። ታ ፎትሶ ከዚያ ኮኪ የተረፈውን በብልቃጥ አሽገው ላኩና፣ «መርዝ ካለው እህቴ ከግቢዬ ትወጣለች፤ ከሌለው እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አሉ።

መምህሯ ዶክተር ንጎኖ ብልቃጡን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ተንከራትቶ የመጣ ነገር ፍርድ ቤት አይቀርብም። ቢሆንም ፊቷን አይቶ አዘነላትና አብሯት ቆመ። የአይጥ መርዝ ፈለጉ፤ ገበሬው እህሉ ላይ የሚረጨውን ሁሉ ፈለጉ። ምንም።

«እና ምን ትያለሽ?» አላት።

«የለም!» አለች፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«የለም? ሁሉንም መርዝ መርምረሻል?»

የብልቃጡን ክዳን መልሳ ገጠመች።

«አልተገኘም ነው የሚባለው። እኛ የማንለየው ስንት መርዝ አለ! የለም የሚል ኬሚስት እግዜር መሆን ያማረው ነው።»

ይህን ቃል ይዛ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ስትንገላታ ውላ ገባች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የግቢው ወንዶች የቀርከሃ በርጩማቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። ማ ጁይኮም ማድ ቤቷ ደጃፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ወይን የሚቀዳው ሰው እንደ ወጉ መጀመሪያ ራሱ ተጎነጨ፤ ሰው እያየው ዋጠና ጽዋውን አሳለፈ። እዚህ አገር ለእንግዳ መርዝ እንደሌለው ቀምሶ አሳይቶ ነው የሚሰጠው። ላሳደጉት ልጅ ግን ማንም አይቀምስም።

«በይ ልጄ፣ ተናገሪ» አሉ ታ ፎትሶ።

«ታ፣ የአይጥ መርዝ ፈለግን፣ የእርሻ መድኃኒትም ፈለግን። አልተገኘም።»

«አልተገኘም? ወይስ የለም?»

ማ ጁይኮም ቀና ብላ አየቻት። ፔላጂ አፏን ከፈተች። «የለም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ሳይወጣ የዶክተር ንጎኖ ድምፅ ቀደመው።

«ታ፣ እኛ የምንችለውን ነው የመረመርነው። በመረመርነው አልተገኘም።»

«የማትችሉትስ?» አሉ ከጥግ አንድ ጥርሳቸው የረገፈ ሽማግሌ። «ሌባው ካልተያዘ ሌባ አይደለም ልትዪን ነው? ጎበዝ ሌባ ነው እንጂ!»

ሰዉ ሳቀ። ታላ ሰሞኑን ደረቴን ይወጋኛል ይል እንደነበር፣ ሬሳውንም ማንም እንዳልመረመረው ልታስረዳ ሞከረች። ማን ሰምቷት! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ሰው የት ይደር የሚለውን ግን ተረቱ አይናገርም።

ታ ፎትሶ ክፉ ሰው አይደሉም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ልጄን ቀብሬአለሁ። ካንቺ አንዲት ቃል ነበር የፈለግሁት» አሉ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ እህታቸው ሳያዞሩ፣ ከሚቀጥለው የገበያ ቀን በፊት ግቢውን ለቃ እንድትወጣ ፈረዱ።

ፔላጂ ማድ ቤት ስትገባ ማ ጁይኮም ድስቷን በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። አላለቀሰችም። አንድ ኮኪ ከቅጠሉ አውጥታ ሳህን ላይ አደረገችና አቀረበችላት።

«ከስተሻል። እዚያ አያበሉሽም እንዴ?»

«ማ፣ እኔ እኮ...»

«ብዪ፣ ብዪ። ወሬው ይደርሳል።»

ፔላጂ እጇን ዘረጋች። ሳህኑ ጋ ሳይደርስ እጇ ቆመ። ለቅጽበት ነው፤ እሷም ለምን እንዳቆመችው አላወቀችም። የማንለየው ስንት አለ የሚለው ነገር በጭንቅላቷ አልፎ ሄደ፤ በቃ፣ የትምህርት አመል። እጇ ወዲያው ጉዞውን ቀጠለ።

ማ ጁይኮም ግን አይታለች።

ሳህኑን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። ከዳሩ ቆረሰች፤ ፔላጂን ዓይን ዓይኗን እያየች አኘከች፤ ዋጠች። ለባዳ እንደሚደረገው አፏን ከፍታ አሳየቻት። ከዚያ ሳህኑን መለሰችላት።

«የለም!» ብላ ጮኸች ፔላጂ። ድምፅዋ ውጭ ወይን እየጠጡ ያሉት ሰዎች ጋ ደረሰ፤ ጨዋታቸውም ተቋረጠ። «የለም ማ! ምንም የለውም! የለም!»

ማ ጁይኮም እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

«እሺ ልጄ» አለቻት። «አሁን ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል።»