ገመድ ወሳጇ ጀልባ

ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዙረው ሙሾ ያወርዳሉ። ቡሩል መሀላቸው ተቀምጣ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ድምጿ እስኪሰልል ድረስ አማቷን አዛውንቱን ሳግንባይን ታለቅሳለች። አስከሬኑ ከመጋረጃው ወዲያ ተጋድሟል። ውጭ ወንዶቹ በትራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል፤ ለቅሶ ደራሽ ከአጥሩ በር ብቅ ባለ ቁጥር «ወይኔ አባቴ» እያሉ ይቀበሉታል።

ሙሾው ጋብ ሲል ሹክሹክታው ይተካል።

«ሽማግሌ ሰው ዕድሜውን በመጫወቻ ጀልባ ይጨርስ?» አለች ከበሩ በኩል አንዷ።

«መጫወቻነቱስ ባልከፋ። የሰው ልጅ አስበላበት እንጂ።»

የሟች እህት ባትማ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሴቶቹም ዝም አሉ። ቡሩል ሰምታለች፤ ግን አልዞረችም። ጥፍሮቿ ሥር የደረቀ ሙጫ ነበረ። ሽማግሌው ያረፉ ዕለት ጠዋት እንኳ ከጎናቸው ሆና ጨርቅ ስትቆርጥ ነበር።

የጀልባው ነገር የመጣው በባሏ በታላይ ሞት ነው። ታላይ ዓሣ ሊያጠምድ በወጣበት ኡላን ከሸለቆው ወረደ። ኡላን በሐይቁ ዳር ከተማቸው በባሊክቺ ከየብስ ወደ ውኃ የሚነፍስ ነፋስ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ እየነዳ ወደ ሐይቁ ልብ ይዞት ይሄዳል። ጀልባው ተገለበጠ። ዳር የቆመው ሰው ታላይን ያየዋል፣ ድምፁንም ይሰማዋል፤ ገመድ ቢወረውሩ ግን አልደረሰም። አባት ዓይኑ እያየ ልጁ እየራቀ ሄደ።

እርሙ ከወጣ በኋላ ቡሩል ወደ ወላጆቿ የምትመለስ መስሏት ልብሷን መሰብሰብ ጀምራ ነበር። ሽማግሌው በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን በመርከብ ጥገናው የመርከብ ሆድ ሲበይዱ የኖሩ፣ ከብረት ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ የማያወሩ ሰው ነበሩ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ከነፋሱ የሚፈጥን ነገር ገመዱን ቢወስድልን ኖሮስ?»

ቡሩል ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ጨርቅ ያውቃል። ልብሷን መልሳ ሰቀለችና ተከትላቸው ወደ መጋዘኑ ገባች።

ሽማግሌው እንደ ስፖንጅ የቀለለ ፎም ጠርበው ቅርጹን አወጡ። እሷ ከብርጭቆ ክር የተሠራውን ጨርቅ፣ ፋይበርግላሱን፣ እየቆረጠች በላዩ ታነጥፋለች፤ እሳቸው ሙጫውን ይቀባሉ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እያፈራረቁ ይፈገፍጉታል። በሪሞት የምትነዳ፣ ርዝመቷ ክንድ ከምናምን የሆነች ጀልባ ናት። የመጀመሪያዋ ከበደች፤ ዘመኑን ሁሉ መርከብ ሲበይድ የኖረ እጅ ቀላል ነገር መሥራት ተቸገረ። ውኃውን እንደ ደከመ በሬ እያረሰች ሄዳ ቆመች። ሁለተኛዋ ደግሞ ከመጠን በላይ ቀለለች፤ ነፋስ ከአፍንጫዋ ሥር ገብቶ ወደ ኋላ ገለበጣት። ባትሪውን ወደፊት አሸሹት፣ ሆዷን ከፊት እንደ ቢላ አሾሉት፣ ወደ ኋላ ጠፍጠፍ አደረጉት። ሦስተኛዋ ከውኃው ብድግ አለች። ጅራቷና እየተሽከረከረ የሚገፋት የውልብልቢቷ ግማሽ ብቻ ውኃ እየነኩ በረረች። ያን ቀን ሽማግሌው ሳቁ። ከታላይ ወዲህ ሲስቁ ቡሩል አልሰማችም ነበር።

ገመዱ ሲታሰርባት ግን እንደገና ዘገየች። ገመዱ እንዳይጠመጠም ብለው ውልብልቢቷን በሽቦ ከለላ ሸፍነውት ነበርና ፍጥነቷን የበላው እሱ ነው። በከለላ ሞከሯት፣ ያለ ከለላ ሞከሯት።

«ዘግይታ ከደረሰች ምን ዋጋ አላት?» አሉ ሽማግሌው። ቡሩልም እውነት ነው አለች። ከለላው ወለቀ።

ወንዶቹ አስከሬኑን ተሸክመው ወደ መቃብር ሲወጡ፣ ሴቶቹ እንደ ወጉ ግቢው ውስጥ ቀሩ። ቡሩል ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ሰልፉ አቧራው ውስጥ እስኪጠፋ ተመለከተች። ከወዲያ ሐይቁ ይታያል። ኡላን እየነፈሰ ነበር።

ባለፈው በጋም እንዲህ ነበር የነፈሰው። ከከተማ ከእናቷ ጋር የመጣች አይዳይ የምትባል ልጅ በአየር የተነፋ ፍራሽ ላይ ተኝታ ስትንሳፈፍ ነፋሱ ወሰዳት። በአካባቢው የነበረው የሞተር ጀልባ ማዶ ሄዶ ነበር። ሽማግሌው ጀልባዋን በብብታቸው ይዘው ሮጡ፤ ቡሩል የገመዱን ጥቅል ተሸክማ ተከተለቻቸው። ጀልባዋ በረረች። ዳር የቆመው ሕዝብ አጨበጨበ። ልጅቱ ዘንድ ስትደርስ ግን በፍጥነቷ አልፋት ሄደች፤ ሽማግሌው ቀስ ብለው መለሷት። ፍራሹ በዚያን ጊዜ አምልጧት ነበር። ልጅቱ ጀልባዋን ያዘች፤ ቡሩል በሩቅ ማሳያ መነጽር አየች። ሰዉ ገመዱን ተረባርቦ ሳበው። ገመዱ ምንም ሳይከብድ መጣ። ጀልባዋ ስትዞር ውልብልቢቷ ጠቅልሎ ቆርጦት፣ ራሱም ታንቆ ኖሯል።

ሽማግሌው ሪሞቱን እንደያዙ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ጀልባዋ በማግሥቱ ማዶ ብቻዋን ተገኘች፤ ልጅቱን ሐይቁ የመለሳት ሰንብቶ ነው። መንደሩም አንድ ቃል ይዞ ቀረ፤ ሰው ሁሉ መጫወቻ እያየ ባይቆም ኖሮ አንድ ዋናተኛ ይደርስላት ነበር። ሽማግሌው አልተከራከሩም። ክረምቱን ውልብልቢቷ ሆዷ ውስጥ የተሸሸገ ሌላ ጀልባ ሲሠሩ ከረሙ። ጀልባዋ ልታልቅ ጥቂት ሲቀራት፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበሱ ልባቸው ቆመ።

ከቀብር ማግሥት፣ ቀኑ ሞቅ ሲል፣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ለብቻዋ መጣች። እንደ ለቅሶ ደራሽ አልጮኸችም። የአይዳይ እናት ጉልሳራ መሆኗን ያወቁት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ባትማ ድንኳኑ በር ላይ ቆመች።

«እህቴ፣ ዛሬስ አይሆንም። ሐዘን ላይ ነን።»

«እኔም ሐዘን ላይ ነኝ፣» አለች ጉልሳራ።

ባትማ መንገድ ለቀቀች። ጉልሳራ ገብታ ከቡሩል ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሴቶቹ እርግማን ጠበቁ።

«በመነጽር ያየሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው ሁሉ እንዳይከፋኝ እያለ ነው የሚነግረኝ። አንዱ ቶሎ ነው የሰመጠችው ይላል፣ ሌላው ጀልባዋ አልደረሰችላትም ይላል። አንቺ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ ጀልባዋን ይዛት ነበር?»

ቡሩል መልሱን ፈራችው። አልያዘችም ብትል ነገሩ እዚያው ይዘጋል። ይዛለች ካለች ግን ልጅቱን የገደለው የተቆረጠው ገመድ ሊሆን ነው፤ ጥፋቱም በገዛ ድንኳናቸው፣ በዘመዶቻቸው ፊት፣ መሬት ከገቡ ገና አንድ ቀን በሆናቸው ሰው ላይ ይወድቃል። የእናትየዋን ፊት አየች።

«ይዛት ነበር። በሁለት እጇ አቅፋት ነበር። ገመዱን የቆረጠው የጀልባዋ ውልብልቢት ነው። ከለላ ነበረው፤ እንድትፈጥን ብለን አወለቅነው።»

«ቡሩል!» አለች ባትማ።

ጉልሳራ ወደ ባትማ አልዞረችም። «ትጮህ ነበር?»

«አልጮኸችም። ጉንጯን ጀልባዋ ላይ አስደግፋ ነበር። ከዓይኔ እስክትሰወር አልለቀቀችም።»

ውጭ ማገዶ ሲፈለጥ ይሰማል። ጉልሳራ ጉልበቷን አሻሸች።

«ስትተኛም እንደዚያ ነበረች፣» አለች በመጨረሻ። ቀጥላም ቡሩል የማታውቀውን ነገረቻት። በክረምቱ ሽማግሌው አውቶቡስ ተሳፍረው ከተማ፣ እቤቷ ድረስ ሄደው ነበር። በመስኮት አየቻቸው፤ አልከፈተችላቸውም። በረዶው እየወረደባቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጇ ላይ ቆመው ዋሉ። ሲመሽ ሄዱ። «ብከፍትስ ምን እላቸው ነበር? ዛሬም አላውቀውም፣» አለች።

ይቅር ብያቸዋለሁ አላለችም። ቡሩልም አልጠየቀችም።

ጉልሳራ ተነሥታ ወጣች። ሴቶቹ የምትሄድ መስሏቸው መንገድ ከፈቱላት። እሷ ግን ወደ አጥሩ በር አልሄደችም። ለእንግዳው ቦርሶክ የሚባለው ቁራጭ ሊጥ በስብ ወደሚጠበስበት ምድጃ አመራች። እዚያ የሟች ዘመዶች ሊጥ እየዳመጡ ይቆርጣሉ፤ በለቅሶ ቤት ሊጥ የሚነካ የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ጉልሳራ ቀለበቷን አውልቃ ኪሷ ከተተች፣ የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች፣ መዳመጫውንም አነሣች።

ቡሩል ማሰሮውን ይዛ መጥታ ለእጇ መታጠቢያ ውኃ አፈሰሰችላት። ከዚያም ጎኗ ቆማ፣ ሊጡን ከወዲያኛው ጫፍ ያዘችላት።