ሦስተኛው ሐይቅ

ሌንሳ በዚያ ጠዋት የስላይዶቹን ቅደም ተከተል ባትነካ ኖሮ ሁሉም እንደታሰበው ባለፈ ነበር።

በመምህራን ክፍል ጥግ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አሥራ ዘጠኙን ስላይድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግማ አሳለፈቻቸው። ሦስት ሐይቆች ናቸው፤ መጀመሪያ አቢጃታ፣ ቀጥሎ በሰቃ፣ በመጨረሻ ቆቃ። ምን ማለት ነው? የአዳማ ልጅ መጀመር ያለበት ከቆቃ ነው። ዓሣውን በልቶታል፣ ዳርቻውን በመኪና አልፎታል። ዩኒቨርሲቲም የተማረችው ከሚታወቀው ወደማይታወቀው መሄድን ነው። ቆቃን ጎትታ ከፊት አስቀመጠችው። ስላይዱ በአንድ ጣት እሺ አለ።

ተማሪዎቹ ግን በአንድ ጣት የሚጎተቱ አልነበሩም። ይህ ትዝ ያላት ዘግይታ ነው።

የሙከራ ኮንትራቷ የሚያበቃው በዚያ ሳምንት ነበር። ርዕሰ መምህሩ አቶ ሰይፈሚካኤል ቋሚ መሆን አለመሆኗን የሚወስኑት ዛሬ በምትሰጠው ሞዴል ክላስ እንደሆነ ነግረዋታል። ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር ስለሚመጣ ትምህርቱ በፕሮጀክተር መሆን አለበት፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ፕሮጀክተር አለው፣ መታየቱን ይፈልጉታል። አርሲ ነገሌ ያለው አባቷ ደግሞ የራሱን ውሳኔ አስቀድሞ ጨርሷል። ቋሚ ካልሆነች በሰው ደጅ መንከራተቷን ትታ ትምጣና የእህል መጋዘኑን ትያዝ። ሌንሳ መጋዘኑን ታውቀዋለች። ሰው ቀኑን ሙሉ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ገዢ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። እሷ ደግሞ ባጃጅ እስኪሞላ መጠበቅ አቅቷት በእግሯ የምትሄድ ሰው ናት።

ተማሪዎቹን ማለማመድ የሸዋወርቅ ሐሳብ ነበር። ሸዋወርቅ በዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስታስተምር የኖረች መምህርት ናት። ትምህርት ከአዲስ አበባ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ መምህሩ ሣጥኑን ከፍቶ ጥግ ይዞ ሲቆም፣ ያንን ዘመን ቆማ አሳልፋዋለች። «ሠርግ ሳይለማመዱ ይጨፈራል፤ ሞዴል ክላስ ግን ሳይለማመዱ አይሰጥም» አለቻት። ከዚያ ሥርዓቱን አስረዳቻት። ለእያንዳንዱ ስላይድ አንድ መላሽ ይመደባል። ጥያቄ ሲጠየቅ ሁሉም እጁን ያወጣል፤ የሚያውቀው ቀኙን፣ የማያውቀው ግራውን። መምህሩ ቀኝ እጅ ያወጣውን ይጠራል። ከኋላ ለተቀመጠ እንግዳ ክፍሉ በሙሉ ሊቅ ይመስላል።

ሌንሳ ነገሩን ንቃዋለች፣ አድርጋዋለችም። ባለፈው ቀን የዘጠኝ ኤ ክፍል ተማሪዎችን አለማመደች። ኤባ አቢጃታን፣ ሱሃይላ በሰቃን፣ ሌላ ልጅ ቆቃን ያዘ። ኤባ በቃሉ ሲወጣው ድምፁ ሳይቀር አማረ።

ክፍል ስትገባ አቶ ሰይፈሚካኤል ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ሱፐርቫይዘሯ ወይዘሮ ኮከብ፣ ጉልበታቸው ከተማሪ ዴስክ ጋር እየተጋጨ። ሌንሳ ጀመረች። የመጀመሪያው ስላይድ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ተማሪዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው መገልበጥ ያዙ። ርዕሱን ገለበጡ፣ ዓላማውን ገለበጡ፣ የሌንሳን ስምና ቀኑንም ገለበጡ። ፈተና የሚወጣው ከኖት ስለሆነ ግድግዳ ላይ የበራ ፊደል አይታለፍም። ወደ ሁለተኛው ስትሻገር ከፊት ረድፍ አንድ ድምፅ አልጨረስንም አለ። ተሻገረች። ዘገምተኛ አትጠብቅም።

ከዚያ ቆቃ መጣ። ከሳተላይት የተነሣ ትልቅ ፎቶ ነው፤ ግድቡ በውሃው ጫፍ ላይ እንደ ነጭ መስመር ተሰምሯል። ይህ ሐይቅ የትኛው ነው፣ እንዴትስ ተፈጠረ ብላ ጠየቀች። የክፍሉ እጅ በሙሉ ወጣ። ኤባ እስኪጠራ አልጠበቀም፤ የመጀመሪያው ሐይቅ የእሱ ነው። ተነሣ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀጥ አለ።

«ይህ በአርሲ ነገሌ አቅራቢያ የሚገኘው አቢጃታ ሐይቅ ነው። የተፈጥሮ ሐይቅ ሲሆን የሰው እጅ አልነካውም።»

ሌንሳ ያደረገችውን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።  ፊቷን ሳትቀይር እስኪ ደግመህ እየው አለችው። ኤባ ግን ድምፁ ያነሰ መሰለው። ቃል ሳይስት፣ ጮክ ብሎ ደገመው። በልምምዱ መሠረት ክፍሉ አጨበጨበ።

ወይዘሮ ኮከብ ከኋላ በለስላሳ ድምፅ ጣልቃ ገቡ። «የኔ ልጅ፣ ያ ነጩ ነገር ምንድነው?»

ኤባ ግድግዳውን አየ። ከገባ ጀምሮ ፎቶውን ሲያየው የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ትንሽ አሰበና ወደ ሌንሳ ዞረ፤ የሰው ስሕተት በትሕትና እንደሚያርም ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሦስተኛው ነበር።»

ሱሃይላ ተራዋ ይድረስ አይድረስ ግራ ገብቷት ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሥታ ቀረች። ከዚያ በክፍሉ ውስጥ አንድ እንቅስቃሴ ሆነ፤ ቀኝ እጆች ወረዱ፣ ግራ እጆች ወጡ። ወይዘሮ ኮከብ ሱፐርቫይዘር ከመሆናቸው በፊት መምህር ነበሩ። ይህንንም አዩት። እስክሪብቶአቸውን ከድነው ዴስኩ ላይ አስቀመጡ።

የቀረውን ሌንሳ በቁልፍ ላይ ቁልፍ እየመታች አሳለፈችው። ደወሉ ሳይደወል አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረሰች። የክፍሉ ደብተር ገና አራተኛው ላይ ነበር።

በረንዳው ላይ አቶ ሰይፈሚካኤል ስለ ፕሮጀክተሩ ጥራት ማውራት ጀምረው ነበር። ወይዘሮ ኮከብ አቋረጧቸውና ይህን ትምህርት ያልሰማ ዘጠነኛ ክፍል አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ዘጠኝ ቢ አለ፤ መምህሩ ስለቀረ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ባዶ ነው፤ ግን ክፍሉ መጋረጃ የለውምና ሌላ ቀን ቢሆን ይሻላል አሉ ርዕሰ መምህሩ። ወይዘሮ ኮከብ እኔ መጋረጃ ልመርቅ አልመጣሁም አሉ።

ሁለቱም ሌንሳን አዩዋት። ሌላ ቀን ማለት ትችል ነበር። ልጆቹን አለማምዶ፣ ስላይዱን አስተካክሎ፣ ጨርቅ ፈልጎ መምጣት ይቻላል። ግን ሌላ ቀን እስኪደርስ ይህን በሆድ ይዞ ማደር አለ።

«አሁን ይሁን» አለች።

ዘጠኝ ቢ ነፃ ክፍለ ጊዜውን ስለተቀማ አኩርፎ ተቀበላት። ፕሮጀክተሩን በተደራረቡ ሁለት ዴስኮች ላይ አቆመችው። ክፍሉ ፊቱን ለፀሐይ የሰጠ ነው፤ የአዳማ ንፋስ የመስኮቱን መስተዋት ያንቀጠቅጠዋል፣ ብርሃኑ ግድግዳውን ሞልቶታል። የመጀመሪያው ስላይድ ሲወጣ ፊደሉ የለም። ግራጫ ጭጋግ ብቻ።

«ቲቸር፣ ሬዲዮ ነው እንዴ?» አለ ባጫ ከመጨረሻው ረድፍ፤ ክፍሉ ሳቀ። ባጫ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ከእሱ አፍ ጥያቄ ወጥቶ አያውቅም፣ ቀልድ እንጂ።

ሌንሳ አለፈች። ዓላማ፣ አይታይም። ትርጉም፣ አይታይም። ሠንጠረዥ፣ አይታይም። እንቅልፍ አጥታ የጻፈችው ጽሑፍ በሙሉ በፀሐይ ተበላ። በመጨረሻ አንድ ነገር ግድግዳው ላይ ቀረ፤ የበሰቃ ሐይቅ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን፣ አንዱ የድሮ፣ አንዱ የቅርብ። ውሃው ጥቁር፣ መሬቱ ነጣ ያለ ስለሆነ ፀሐዩ አላሸነፈውም። ሁለቱን አጎላቻቸው። ከዳር ያሉት ዴስካቸውን እየጎተቱ ቀረቡ፤ ወለሉ ጮኸ፤ አቶ ሰይፈሚካኤል ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ይህ መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ነው» አለች። «የድሮውና የአሁኑ። ምን አያችሁ?»

ማንም አልተመደበምና ማንም አልተነሣም። እስክሪብቶ የያዙት የሚገለበጥ ነገር ፈለጉ፤ የለም። አንዲት ልጅ ኖቱ የት እንዳለ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ ጠየቀች።  የሌንሳ ጣት የቀስት ቁልፏ ላይ ነበር፤ መልሱ በሚቀጥለው ስላይድ ላይ አለ፣ አንድ ጊዜ ብትጫነው ይገላገላሉ። እጇን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ በመጨረሻ ከጀርባዋ ወስዳ በሌላው እጇ ያዘችው። አቶ ሰይፈሚካኤል ሰዓታቸውን አዩ። እሷም ግድግዳውን አየች፣ ልጆቹን አየች፣ ምላሷን ነከሰች። ሰው ዝም ሲል መቆም ከዚህ በፊት ሞክራው አታውቅም፤ ጫማዋ ውስጥ የእግር ጣቶቿ ይንቀሳቀሱ ነበር።

«መንገዱ የለም» አለ ባጫ።

ቀልድ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ። ባጫ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው መጣና የድሮው ፎቶ ላይ ያለውን ቀጭን መስመር በጣቱ ተከተለ፤ አዲሱ ላይ እዚያው ቦታ ውሃ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ማየት ጀመረ። ውሃው አድጓል። እጥፍ ሆኗል። ከእጥፍም በላይ ነው አለ ሌላው። ሌንሳ ውሃው ከየት መጣ ብላ ጠየቀች።

«ዝናብ ነዋ» አለ ባጫ፣ ወደ ቦታው ሳይመለስ። «ዝናብ ይዘንባል፣ ሐይቅ ይሞላል። ሌላ ምን አለ?»

ስሕተት ነበር። የማረሚያው ዐረፍተ ነገር ከእነ ነጥቡ አፏ ላይ መጣ። ዋጠችው። ላፕቶፑ ላይ አጎንብሳ ስላይዶቹን ወደ ኋላ መለሰች፤ በቅደም ተከተል ሳይሆን ወደምትፈልገው። አቢጃታ። የአቢጃታም የድሮና የቅርብ ፎቶ ጎን ለጎን ነው፤ እዚህ ግን ውሃው ከዳርቻው ሸሽቶ፣ ነጭ መሬት ትቶ ሄዷል።

«እዚህስ አልዘነበም?» አለች ሌንሳ።

ክፍሉ ፈነዳ። ሁለቱም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናቸው፣ ዝናብ ከሆነ ለምን አንዱ ያድጋል፣ አንዱ ይሸሻል? ሀሴት የምትባል ልጅ ባጫን ሞግታ አስቀመጠችው፤ እሷ ራሷ ያመጣችው ምክንያት ደግሞ በሰቃን ሲያስረዳ አቢጃታን አላስረዳም፣ ሦስት ልጆች ጮኹባት። አንዱ ወንዝ ተጠልፎ ይሆናል አለ። አንዱ ከመሬት በታች የሚገባ ውሃ አለ አለ። ፎቶውን መልሺው ሲሏት መለሰች፤ የበፊቱን ሲሏት ወደ በፊቱ ሄደች። ስላይዱ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እየቀላቀለ ለሚጮህ ክፍል ይታዘዝ ጀመር።

ደወለ። መደምደሚያ የለም፣ ማጠቃለያ የለም።

«ቲቸር፣ መልሱን ሳይነግሩን?» አለች ሀሴት።

«ነገ» አለች ሌንሳ። ለዚህች አንዲት ቃል የከፈለችውን ማንም አላወቀላትም።

በርዕሰ መምህሩ ቢሮ አቶ ሰይፈሚካኤል የትምህርት ዕቅዱን ዘርግተው ተቀመጡ። ዕቅዱ ላይ አሥራ ዘጠኝ ስላይድ አለ፤ በዘጠኝ ቢ የታየው የሁለት ሐይቆች ፎቶ ነው። ወላጅ ማታ ደብተር ገልጦ ባዶ ገጽ ሲያይ ምን ሊባል ነው? ደግሞስ የዘጠኝ ኤ ልጆችን ማን አስጠናቸው?

«እኔ ነኝ» አለች ሌንሳ። ሸዋወርቅን መጥራት ነገር ከማስረዘም በቀር አይጠቅማትም።

ወይዘሮ ኮከብ ስለ ሁለቱም ክፍሎች የሚሉትን አሉ። «ዘጠኝ ኤ ውስጥ የሰማሁት ያንቺን ድምፅ ነው፣ በልጆች አፍ። እሱን ትምህርት ብዬ አልጽፈውም። ዘጠኝ ቢ ውስጥ አላለቀም። ያላለቀ ነገር ደግሞ አለቀ ብዬ አልጽፍም።»

«ሁለተኛው ግን?» አለች ሌንሳ።

«ሁለተኛውን ልጨርስልሽ አልችልም። አንቺ ጨርሺው።»

አቶ ሰይፈሚካኤል ሁለቱንም የሚያስታርቅ መንገድ መረጡ። ቋሚ ቅጥር የለም። ኮንትራቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይራዘማል፤ ወይዘሮ ኮከብ ሳይናገሩ ይመጣሉ፣ ያኔ ይታያል። ሌንሳ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ምን ብላ? ፈረመች።

ሸዋወርቅ ወሬው ቀድሞ ደርሷት በሩ ላይ ጠበቀቻት። «እኔ አለማምጂ አልኩሽ፣ አንቺ በጠበጥሽው» አለቻት። «ሐይቅ እንደ ዴስክ ከቦታው ይነሣል እንዴ?»

«እትዬ፣ ነገ ፕሮጀክተሩ የማን ተራ ነው?»

«የኔ።»

«ይልቀቁልኝ።»

ሸዋወርቅ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ቋሚ አደረጉሽ?»

«የለም።»

«እና ምን ያጣድፍሻል?» አለች፤ ራሷን ነቀነቀችና፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ መልሺልኝ ብላ ሄደች።

አባቷ የደወለው ወደ ፍራንኮ ሰፈር በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ሳለች ነው። በኦሮምኛ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ቋሚ ሆንሽ ወይ አላት። አልሆንኩም አለችው። እንግዲያ መቼ ትመጫለሽ? አልመጣም። እንዴት አልመጣም? ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ።

«በጊዜያዊነት?»

«በጊዜያዊነት።»

 ከአባቷ ኋላ መኪና ላይ ጆንያ ሲወረወር ይሰማል። ከዚያ፣ ሊቆጣ ይሁን ሊረዳ ሳይታወቅ፣ ለመሆኑ ነገ ይህን ያህል ምን አለ ብሎ ጠየቃት። የአቢጃታን መሸሽ ነገረችው። አባቷ ከት ብሎ ሳቀ፤ ይህ ደግሞ ትምህርት ነው እንዴ፣ ዝናብ ስለጠፋ ነዋ።

ሌንሳ መጠበቅ ነበረባት። ቀን ላይ የቻለችውን ያህል አሁንም ዝም ብትል አባቷ ራሱ ወደ ነገሩ ይመጣ ይሆናል። አልቻለችም። በሰቃ በዚያው ዘመን ለምን እንዳደገ፣ ገባር ወንዞች ለመስኖ ሲጠለፉ ታች ያለው ሐይቅ ምን እንደሚሆን፣ ባጫ ምን እንዳለ፣ ሀሴት ምን እንደመለሰች፣ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ባጃጁ ቆሞ ሾፌሩ ዘወር ብሎ እስኪያያት ድረስ አላቆመችም።

«ጨረስሽ?» አላት አባቷ።

«አልጨረስኩም።»

«በይ ሂጂ፣ ሥራ ይዣለሁ» አላት። «ለመጋዘኑ ሰው መፈለግ አለብኝ።»