ልጁ ቡና ገበያ ነው

እኔ አብዱልገኒ፣ የኦሎምፒያው ጎማ ነጋዴ፣ ለጊዮርጊስ ደጋፊ ልጅ አልሰጥም ብዬ ሁለት ሽማግሌ መልሻለሁ። ሰው ምን አለ ምን፣ ግድ የለኝም። የቡና ገበያ ደጋፊ ቤት ውስጥ ጊዮርጊስ ምሳ አይበላም።

በሦስተኛው ዙር ሀጂ ሃይደር ሽማግሌ ሆነው መጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጃችን ሙስአብ ቡና ገበያ ነው» አሉኝ።

«አባቱስ?»

«አባቱም ቡና ገበያ፤ አያቱም ቡና ገበያ ነበሩ።»

ክለቡ የተመሠረተው አያትየው ካረጁ በኋላ መሆኑ እንኳ ትዝ አላለኝም። ደስታ ክፉ ነው፣ ያነሆልላል።

«ክፉ ቀን ሲመጣስ ጥሎ ይሄዳል?»

«ገበያው ቢወድቅም ንቅንቅ አይልም!»

ወላሂ እንባዬ መጣ። እዚያው ቃሉን ለማሰር ፋቲሃ ቀራንና ልጄን ሰልዋን ሰጠሁ።

እሁድ ከጊዮርጊስ ጋር ጨዋታ ስለነበር አማቼን ሙስአብን ይዤ ስታዲየም ገባሁ። ስናጨበጭብ እጁ ይዘገያል፣ ስንዘፍን ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

«አንተ፣ ዘፈኑን አታውቀውም እንዴ?»

«አባባ፣ እኔ የምሠራው ቡና ንግድ ላይ ነው። ሀጂ ያሉት እሱን ነው።» አንገቱን ደፋ። «የምደግፈው ጊዮርጊስን ነው።»

«ሰልዋ ታውቃለች?»

«‹ቡና ገበያ ነው በሉ፣ ሌላ እንዳትጨምሩ› ያለችው እሷ ናት።»

ጉድ ፈላ! ፋቲሃ የተቀራበት ቃል አይታጠፍ፣ ልጅ ለጊዮርጊስ አይሰጥ። ንድድ አልኩ።

«ወገኖችህ እዚያ ማዶ ናቸው። ሂድ። የሰርጉን ነገር ጨዋታው ሲያልቅ እነግርሃለሁ።»

«ከእርስዎ ጋር እቀመጣለሁ» አለ።

ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ጊዮርጊስ አገባ። ማዶ ያለው ሕዝብ አበደ። ዞር ብዬ ሙስአብን አየሁት። የተቀመጠበትን ሲሚንቶ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

አንጀቴን በላው። መቼም እኛ መሀል ቢጮህ ጥርሱ ይረግፍ ነበር፤ ግን ሂድ ብዬው ነበር፣ አልሄደም። እኔ በዕድሜዬ ለሰልዋ እናት እንኳ የአንድ ጎል ጩኸት ውጬ አላውቅም።

«ተነስ» አልኩት። «ከደረጃው ሥር ውረድና ጮኸህ ተመለስ። ታፍነህ ትሞትብናለህ።»

እየሮጠ ወረደ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ፣ «ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ፣ «ሆዱን ቆርጦት ነው» አልኩት።

ሲመለስ ቦታውን ለቀቅ አደረግኩለትና፣ «ሰርጉን» አልኩት፣ «ጨዋታ በሌለበት ሳምንት አድርጉት።»