ኦቦ ጨመዳና መርፌው

ኡኬ ውስጥ ኦቦ ጨመዳ ንብ ፈሩ ቢባል ማንም አያምንም። ማር ሲቆርጡ ባዶ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ቀፎው ውስጥ ይሰዳሉ፤ ንቦቹ ጢማቸው ላይ ሲርመሰመሱ ጨዋታቸውን እንኳ አያቋርጡም። መርፌ ሲያዩ ግን ይወድቃሉ። ቀልድ አይደለም፣ ዘጭ ነው የሚሉት።

ልጃቸው ድርቤ ነቀምቴ ሆና ይህን ስታስብ ሳቋም ንዴቷም አንድ ላይ ይመጣባታል። የስምንት ዓመቷን ልጇን ኬኔን አምና እዚያው አያቷ ጓሮ አንዲት ንብ ነድፋት፣ ከንፈሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሐኪሙም አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት ከነስሪንጁ ሰጥቶ፣ "ንብም ሆነ ተርብ ነድፏት እንዲህ ከሆነች ጭኗ ላይ ወዲያው ውጓት፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ" ብሏል። አያቷን አካኮ እያለች የምትጠራው ኬኔ ደግሞ የትምህርት ቤት እረፍቴን አካኮ ዘንድ ካላሳለፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። አነጋገሯ ራሱ እናቷን አስደነገጣት።

"አካኮሽ መርፌ መውጋት ካልቻሉ አታድሪም፣ አለቀ!" አለች ድርቤ።

ቅዳሜ ኡኬ ወርደው ለመርፌ መለማመጃ ፓፓያ ደረደሩ። ድርቤ ስሪንጁን ውሃ ሞልታ ስታቀርብላቸው ኦቦ ጨመዳ ላብ በላብ ሆኑ።

"ነገ ብናደርገውስ?"

ኬኔ አጠገባቸው ተቀመጠችና እሳቸው ቀፎ ስር ሁልጊዜ የሚሏትን መልሳ አለቻቸው፦ "አካኮ፣ ሂን ሶዳቲን።" አይዞህ፣ አትፍራ ማለቷ ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠረጴዛውን ወጉት። በሁለተኛው ፓፓያው ተንከባሎ አመለጠ። ሲመሽ ግን አንድም ያልተወጋ ፓፓያ አልቀረም። ጎረቤታቸው ባቻ መጥቶ ሲቀርብለት፣ "ይሄ ፓፓያ ምን ነካው?" አለ።

"አሞት ነበር፣ አሳክመነዋል" አሉ ኦቦ ጨመዳ።

"አንቺስ እማ፣ አትለማመጂም?" አለች ኬኔ።

"እኔ እናት ነኝ፤ እኔን ምኑ ያቅተኛል?"

በማግስቱ ድርቤ ሐሳቧን ለወጠች። "ፓፓያ አይጮህም፣ አባባ። ልጅ ግን ትጮሃለች" ብላ ኬኔን ይዛ ልትመለስ ወጣች። ኬኔ እያለቀሰች፣ ኦቦ ጨመዳም የመድኃኒቱን ቦርሳ አንግተው አኩርፈው ሸኟቸው። መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቁ ኬኔ በያዘችው ማንጎ ላይ ያረፈ ተርብ ከንፈሯን ነደፋት።

ወዲያው ፊቷ ማበጥ፣ ደረቷም ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ድርቤ ቦርሳውን ነጥቃ ከፈተች፤ ግን ብልቃጧን እንኳ ማንሳት አቃታት። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ኦቦ ጨመዳ ልጅቷን አስተኟት፣ ብልቃጧን ሰበሩ፣ መድኃኒቱን ሐኪሙ ስሪንጁ ላይ በቀይ እስካሰመረበት ድረስ ሳቡ፣ በሱሪዋ ላይ ጭኗን ወጓት። ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

"ሂን ሶዳቲን፣ ኬኔ ኮ" አሏት፤ ኬኔዬ ማለታቸው ነው።

ባጃጅ ጤና ጣቢያ ሲያደርሳቸው ትንፋሿ ተከፍቶ ነበር። ነርሷ፣ "ማን ነው የወጋት? ልክ ቦታው ላይ ነው" ስትል ኦቦ ጨመዳ ጢማቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ከዚያ ነርሷ ሌላ መርፌ አነሳች፤ ኦቦ ጨመዳ ዘጭ! ኬኔ በሳቅ እየፈነዳች አልጋዋ ላይ ጠጋ አለችላቸው።

ሌሊቱን ጤና ጣቢያ አድረው፣ ሐኪም መውጣት ትችላለች ካለ በኋላ፣ ድርቤ ኬኔንና አዲስ መድኃኒት ለአባቷ አስረክባ ነቀምቴ ብቻዋን ተመለሰች። በፌስታል ሁለት ፓፓያና አንድ ስሪንጅ ይዛለች፤ ለራሷ መለማመጃ።